ቲያትርን ያቆሙ መምህራን



በቲያትር ክበባችን ላይ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ገብቶ ፈተና ሲቃረብ፣ አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን ከልምምድ ያስቀራሉ። «ትምህርቱ ይቅደም» ይላሉ። ይህ ለልጅ ከማሰብ የመጣ ነውና የሚናቅ አስተያየት አይደለም። እኛም ጥያቄውን በቁም ነገር ልንመልሰው ይገባል። ቲያትር ለልጆቻችን ምን ያስተምራል? መልሱን ከሀገራችን የቲያትር ታሪክ ውስጥ እንፈልግ። የኢትዮጵያን ቲያትር ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ መምህራን ነበሩና።

ከመማሪያ ክፍል ወደ መድረክ

የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ደራሲው በሩሲያ የተማሩ ሰው ነበሩ። በተረት እንስሳት አማካይነት የአስተዳደርን ጉድለት ስላሳዩ፣ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ በኋላ ቲያትር ለዓመታት ዝም አለ።

እንደገና የተነሣው ግን በትምህርት ቤቶች ነው። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም ደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ተውኔት እየጻፉ ከተማሪዎቻቸው ጋር ለመድረክ ያበቁ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም መላኩ በጎሰው በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። በዚያን ጊዜ የሰለጠነ ተዋናይ አልነበረም። ሴቶችም መድረክ ላይ ስለማይወጡ የሴቶቹን ሚና ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ክራር ተጫዋቿ አስናቀች ወርቁ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆና ብቅ ያለችው ከነጻነት በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ተማሪዎች፣ የመጀመሪያዎቹ አዘጋጆችም መምህራን ነበሩ ብንል አልተሳሳትንም።

ዮፍታሔ ብቻቸውን አልሠሩም። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም እርሳቸው ሲጽፉ፣ ዜማውን የደረሱት አርመናዊው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። አንዱ ከቅኔ ቤት፣ ሌላው ከኖታ ትምህርት የመጡ ናቸው። አንዳቸው የሌላውን ሙያ አልቀሙም። እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን አምጥተው አንድ ሥራ ሠሩ። የጋራ ሥራ ማለት ይህ ነው።

ማኅበርና ማዕከል

በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ሲያንዣብብ፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ዓላማው ሕዝቡን ለነጻነቱ ማንቃት ነበር፤ ንግግር፣ ዘፈንና ጨዋታ መሣሪያዎቹ ነበሩ። ዛሬ ፒያሳ የሚገኘው ሀገር ፍቅር ቲያትር የዚያ ማኅበር ልጅ ነው። ስሙ ራሱ የሚነግረን ቁም ነገር አለ፤ መጀመሪያ ማኅበር ነበር፣ ቲያትር ቤት የሆነው በኋላ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተከፈተ። በዚህ ማዕከል ቲያትርና ሙዚቃ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና የሚጫወቱ ባለሙያዎችን አሰባስበው «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋሙ። ለየብቻ ይጫወቱ የነበሩ የየአካባቢው መሣሪያዎች በአንድ ቡድን ተቀመጡ።

ማዕከሉን ከመሩት አንዱ የሐረርጌው ተወላጅ ተስፋዬ ገሠሠ ናቸው። ቲያትርን በአሜሪካ ተምረው ተመልሰዋል። ተዋናይ፣ ደራሲና አዘጋጅ ሆነው፣ በኋላም ሀገር ፍቅርንና ብሔራዊ ቲያትርን መርተዋል። በማዕከሉ ከወጡት ወጣቶች መካከል ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ይገኙበታል፤ ሁለቱም በሃንጋሪ ቲያትር ተምረዋል። ወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ መጽሐፉን ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሁሉ ታሪኩን በጆሮው አወቀ። መልካም ንባብ ራሱ ማስተማር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ ቀዳሚው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነበሩ። ታላቁ ባለቅኔ ብዕራቸውን ይዘው ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ተተኪ ማፍራትን ግን እንደ ሥራቸው አካል ቆጠሩት። ከጻፏቸው ተውኔቶች ብዙዎቹን ለመድረክ ያበቃቸው ደግሞ አዘጋጁ አባተ መኩሪያ ነው። ደራሲው ለአዘጋጁ፣ አዘጋጁ ለተዋናዩ ቦታ ባይለቅ ኖሮ ድርሰቱ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

ተምረው አስተማሪ የሆኑ

አንድ ቅርብ ምሳሌ እንጨምር። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ አንድ ትልቅ ትርኢት አቀረበ። ከዚያ ሥራ «አዱኛ የማኅበረሰብ የውዝዋዜ ቲያትር» ተወለደ። ለዓመታት የሠለጠኑት ወጣቶች በተራቸው ሌሎችን አሠለጠኑ፤ ከአካል ጉዳተኞች ጋርም ሠሩ። ከእነርሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በዓለም መድረክ እስከ መታወቅ ደርሷል። የውጭው ሰው ሲሄድ ሥራው አልቆመም፤ ዕውቀቱ በአንድ ሰው እጅ አልቀረምና።

ለእኛ ለጅቡቲዎቹ

ልጆቻችን በዚህ ከተማ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ እየሰሙ ያድጋሉ። ይህ ሀብት ነው። አማርኛ ግን ለብዙዎቹ የቤትና የአንድ ክፍለ ጊዜ ቋንቋ ሆኗል። «እሺ» እና «እምቢ» ለማለት ይበቃቸዋል፤ ለማስረዳት፣ ለመከራከርና ለማጽናናት ግን ያጥራቸዋል። ቲያትር ይህን ክፍተት ይሞላል። ልጁ ሽማግሌ ሆኖ ሲያስታርቅ «እርስዎ» ማለትን ይለምዳል። እናት ሆና የምትጫወተው ልጅ ምርቃትን በቃሏ ታጠናለች። ቃሉን ጮክ ብለው፣ ደጋግመው፣ በሰው ፊት ይሉታልና አይረሱትም።

የጎረቤቶቻችን ልምድም ያግዘናል። ሶማልኛ በ1965 ዓ.ም. በላቲን ፊደል ይፋ የጽሕፈት ቋንቋ ከመሆኑ በፊት፣ የሶማልኛ ተውኔቶች በግጥም ተቀምረው በቃል ይጠኑ ነበር። ተዋናዩ ረጅም ግጥም በጆሮው ተቀብሎ ይይዝ ነበር። እኛም ገና ማንበብ ያልጠነከረውን ልጅ ከመድረክ የምናስቀርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት ለክበባችን የሚከተለውን አሠራር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ቢያንስ ሁለት ሥራ ይለውጥ። በአንዱ ተውኔት ዋና ተዋናይ የነበረ በቀጣዩ መጋረጃ ይሳብ፣ መብራት ይያዝ ወይም ቃል ለጠፋበት ያስታውስ። ሁለተኛ፣ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች በጋራ ያዘጋጁ። ሦስተኛ፣ ወላጆች ይግቡበት። ልብስ የሚሰፋ፣ ተረት የሚያውቅ፣ ከበሮ የሚመታ አይጠፋም። ወደብ የሚውል ትራንዚተርም ሆነ የከባድ መኪና ሹፌር የሥራ ታሪኩን ለልጆቹ ቢነግር፣ ከዚያ ጥሩ ተውኔት ይወጣል። አራተኛ፣ ፈተና ሲቃረብ ልምምዱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይሁን እንጂ አይቋረጥ። እንዲህ ከሆነ የወላጆች ሥጋትም ይመለሳል፣ ቡድኑም አይበተንም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። በመድረክ ላይ አንድ ተዋናይ ከቀረ ሌሎቹ ሁሉ ይቸገራሉ። ይህን ያወቀ ልጅ ቀጠሮ ማክበርን፣ ሌላው ሲናገር መስማትንና ተራን መጠበቅን ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እነዚህ ደግሞ ለፈተናም የሚጠቅሙ ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቲያትር ከታገደ በኋላ እንደገና በትምህርት ቤቶች የተነሣው ለምን ይመስላችኋል?
2. በአንድ ተውኔት ውስጥ ተመልካች የማያያቸውን አምስት ሥራዎች ዘርዝሩ። አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል?
3. ከወላጆቻችሁ አንድ ተረት ወይም የሥራ ገጠመኝ ጠይቁ። በአራት ሰዎች ንግግር ጻፉትና ለክፍላችሁ አቅርቡ።