ሠራተኛን ማዋረድ ፋብሪካን ማክሰር ነው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ አንድ ሰው ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሲገጥመው ደቦ ይጠራል። ገብስ ሊያሳጭድ ወይም ቤት ሊያሠራ ሲፈልግ ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣለታል። ደቦ የጠራ አባወራ ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው የመጣውን ሰው እንደ አቅሙ ማብላት ሲሆን፣ ሁለተኛው በክብር ማናገር ነው። ምግቡ ያነሰበት ሰው «አቅም አንሶት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የተሰደበ ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት ቢጠራ አይመጣም። ለሌላውም ይናገራል። ያ አባወራ አዝመራው ደርሶ ሳለ አጫጅ ያጣል።

ገበሬው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ትምህርት አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶቻችን የረሱት ይመስላል። ዛሬ የምንመለከተውም ይህንኑ ነው፤ የሥራ አመራር ሲበላሽ የሠራተኛው ሞራል እንዴት እንደሚወድቅ፣ ሞራሉ ሲወድቅም ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ።

ጉዳዩ ለዚህ ደጋ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። የደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ ከተቋቋመ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የበግ ጸጉር ፈትሎ ባናና ዝተት ሲሠራ የኖረው አካባቢ ፋብሪካ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። የእርሻ መሬት በጠበበበት በዚህ አገር፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚነሳ ወጣት ሥራ ፍለጋ ዓይኑን የሚጥለው በእነዚህ ፋብሪካዎች ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ የደረሰውን መመርመር ለራስ መማር ነው።

ሐዋሳ ምን ያስተምረናል?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት ስር ያለ የጥናት ማዕከል ሪፖርት ሲያወጣ፣ በፓርኩ የሚሠሩት ወደ 25 ሺህ ገደማ ነበሩ። በዚያው ሪፖርት መሠረት የሠራተኛው መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ይህም በዚያን ጊዜ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ቁጥር ነው። ፋብሪካዎቹ ሥራ በጀመሩበት የመጀመሪያ ዓመት የለቀቀው ሰው በአማካይ ከጠቅላላው የሠራተኛ ቁጥር ጋር እኩል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ሺህ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ በዓመቱ ውስጥ አንድ ሺህ ሰው ለቆበታል ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ምሁራን በኢትዮጵያ ባሉ አምስት ድርጅቶች ላይ ያካሄዱት ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። በፋብሪካ ሥራ ከጀመሩት ሰዎች ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። አብዛኞቹ ሥራውን አድካሚና ለጤና አስጊ ሆኖ አግኝተውታል። የ300 ዶላር መነሻ ገንዘብና አጭር ሥልጠና ያገኙት ግን የራሳቸውን ሥራ ጀምረው ገቢያቸው በ33 በመቶ ጨመረ።

ሠራተኛው ለምን ይሸሻል?

አንደኛው ምክንያት ደሞዝ ነው። የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ሲነሳ ለቤተሰብ የሚተርፍ ነገር ከሌለ፣ ወጣቷ ከቤቷ የራቀችበት ምክንያት ይጠፋታል።

ሁለተኛው የአለቆች አያያዝ ነው። ስህተት የሠራን ሰው ለብቻው ጠርቶ ማስተማር ሲቻል በጓደኞቹ ፊት መጮህ፣ ለታመመ ፈቃድ መከልከል፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ማስለመን፣ ለሰላት ወይም ለበዓል የሚጠይቀውን ሁሉ እንደ ሰነፍ መቁጠር፣ ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ለማስተካከልም አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛው ሰሚ ማጣት ነው። አቤቱታው የሚቀርበው ለበደለው ለዚያው አለቃ ከሆነ ሠራተኛው ዝም ማለትን ይማራል። ዝም ያለ ሠራተኛ ደግሞ የተስማማ ሠራተኛ አይደለም። አካሉ ማሽኑ ዘንድ ይቆማል እንጂ ልቡ ከሄደ ቆይቷል። ብልሽት ቢያይ አይናገርም፤ ጨርቅ ቢባክን አይገደውም። ሥራ አስኪያጁ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ሲያይ ገና አሁን የለቀቀ ይመስለዋል።

«ሌላ ሰው ሞልቷል»

ብዙ ኃላፊዎች ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው። «የማይፈልግ ይሂድ፣ በር ላይ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል» ይላሉ። ይህ አባባል ስህተት መሆኑን ያሳየው የሠራተኛ ማህበር ሳይሆን ባለሀብት ነው። የአሜሪካው የመኪና ፋብሪካ ባለቤት ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. 14 ሺህ ያህል ሠራተኛ ለማቆየት ከ50 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። አዲስ የገባው ሥራውን ሳይለምድ ይለቅ ነበርና። እ.ኤ.አ. በጥር 1914 ዓ.ም. የቀን ክፍያውን ወደ አምስት ዶላር አሳደገ፣ የሥራ ሰዓቱንም ወደ ስምንት ዝቅ አደረገ። የሚለቀው ሰው ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። ፎርድ ይህን ያደረገው ለጽድቅ አልነበረም፤ እንዲያውም የሠራተኞቹን የቤት ኑሮ የሚሰልል ክፍል አቋቁሞ ነበር። ሒሳቡን ሲያሰላው ግን ሰው ማባረርና መቅጠር ሰውን ከመያዝ ይልቅ ውድ ሆኖ አገኘው።

ሌሎች ደግሞ «የገጠር ልጅ የፋብሪካ ዲሲፕሊን አያውቅም» ይላሉ። በእርግጥ ሰዓት አክባሪነት የሚለመድ ነገር ነው፤ ሳይፈቀድለት የሚቀርም ሠራተኛ አለ። ነገር ግን በውርጭና በዳገት መካከል ገብስ ሲያበቅል ያደገን ልጅ ሰነፍ ማለት አይቻልም። ያላወቀውን የሚያስተምረው እንጂ የሚሰድበው አያስፈልገውም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን እረፍት ይሰጣል። ከደሞዝ የሚቆረጠው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ሲሶ ሊያልፍ አይችልም። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳም ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ መብቱ የተነካ መሆኑንም አያውቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የድርጅት ኃላፊዎች ሥልጣን አማና መሆኑን ሊያስተውሉ ይገባል። የለቀቀውን ሰው ሁሉ «ለምን ለቀቅህ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ራሱ አለቃው ሳይሆን ሌላ ሰው ይቀበል። ከአንድ የሥራ ክፍል ሰው በብዛት የሚለቅ ከሆነ ከሠራተኞቹ በፊት የክፍሉ ኃላፊ ይመርመር። የምርት ብዛት ብቻ እየታየ ለተሳዳቢ አለቃ ሹመት አይሰጥ።

ሠራተኞችም መብታቸውን በማህበር ተደራጅተው በሥርዓት ይጠይቁ፣ ግዴታቸውንም ይወጡ። በተናጠል ተናዶ መጥፋት የሚከተለውን ሠራተኛ ለዚያው በደል ትቶ መሄድ ነው። ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ ልጅ ከፋብሪካ ሲመለስ «ሥራ ጠላ» ብለው ከመፍረዳቸው በፊት የደረሰበትን ይስሙት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ስትታገድ ፋብሪካዎቻችን በአሜሪካ ገበያ የነበራቸውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል አጥተዋል። እንዲህ ያለውን ከውጭ የሚመጣ ችግር አንድ ሥራ አስኪያጅ ሊያስቀረው አይችልም። በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚናገር፣ እንዴት እንደሚከበርና አቤቱታው እንዴት እንደሚሰማ መወሰን ግን በእጁ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ አብሮት የሚቆመው ሠራተኛ በደጉ ቀን ያከበረው ነውና፣ ዛሬውኑ ሊያስብበት ይገባል።