የሆክስ ፕሮቲኖች ቦታቸውን እንዴት ይለያሉ?

የፍራፍሬ ዝንብ ሰውነት ከራስ እስከ ጅራት በክፍል በክፍል የተደራጀ ነው። በየትኛው ክፍል ክንፍ፣ በየትኛው እግር መብቀል እንዳለበት በመወሰን ረገድ ዋናውን ሥራ የሚያከናውኑት ስምንቱ የሆክስ ጂኖች ናቸው። አልትራባይቶራክስ የተባለው ጂን በሦስተኛው የደረት ክፍል ሥራውን ካቋረጠ፣ ባለሁለት ክንፏ ዝንብ አራት ክንፍ ታወጣለች። አንቴናፔድያ የተባለው ደግሞ ያለቦታው በራስ ላይ ከሠራ፣ በአንቴና ፈንታ እግር ይበቅላል። በዚህ መስክ ብዙ የደከመው ኤድዋርድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1995 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ችግሩ ምን ላይ ነው?

የሆክስ ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ሁሉ ሆሚዮዶሜይን የሚባል 60 አሚኖ አሲዶች ያሉት ክፍል አላቸው። የዚህ ክፍል ሦስተኛው ሄሊክስ በዲ.ኤን.ኤ. ሰፊ ቦይ ውስጥ ገብቶ ፊደላቱን ያነባል። ነገር ግን አብዛኞቹ የሚያነቡት ያንኑ አጭር ቃል፣ ማለትም ቲ-ኤ-ኤ-ቲን ነው። ባለአራት ፊደል ቃል በአጋጣሚ ብቻ በአማካይ በየ256 ፊደሉ አንዴ ይገኛል። ታዲያ በሙከራ ቱቦ ውስጥ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች በሕይወት ባለች ዝንብ ውስጥ እንዴት የተለያየ ሥራ ይሠራሉ? መልሱን በሦስት ነጥቦች እንመልከት።

ሀ/ አጋር፦ መርካቶ መሐል ቆሞ «ከበደ!» ብሎ ለሚጣራ ሰው ብዙዎች ዞር ይላሉ፤ የአባት ስም ሲጨመር ግን የሚፈለገው ይለያል። ለሆክስ ፕሮቲኖች እንዲህ ያለውን አገልግሎት የሚሰጠው ኤክስትራዴንቲክል የተባለው ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ተያይዘው ሲቀመጡ የሚነበበው ቃል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ለብቻቸው ሲሆኑ የማይታየው የሆክስ ፕሮቲኖች ልዩነት ከአጋራቸው ጋር ሲጣመሩ ይገለጣል።

ለ/ ቅርጽ፦ ፕሮቲን ፊደልን ብቻ ሳይሆን የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽም ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፣ ኤስ.ሲ.አር. የተባለው የሆክስ ፕሮቲን ፎርክሄድ በሚባለው ጂን አጠገብ ያለውን ቦታውን የሚለየው፣ የዲ.ኤን.ኤ. ትንሹ ቦይ በዚያ ስፍራ በጣም ስለሚጠብ መሆኑ ታወቀ። በጠባቡ ቦይ አሉታዊ ሙላት ይበረታል፤ አዎንታዊ ሙላት ያላቸው የፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶችም ወደዚያ ይሳባሉ። በዚህ ቦታ ጥቂት ፊደላት ሲለወጡ ሌሎች የሆክስ ፕሮቲኖችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሐ/ የደካማ ቦታዎች ክምችት፦ በይበልጥ ሊጤን የሚገባው ይህ ነው። ሼቨንቤቢ የተባለው ጂን በዝንቧ እጭ ቆዳ ላይ ደቃቅ ፀጉሮችን ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታየው፣ አልትራባይቶራክስ ይህን ጂን የሚያዝዘው በደካማው በሚይዛቸው በርካታ ቦታዎች አማካይነት ነው። ተመራማሪዎቹ ቦታዎቹን አጥብቀው በሚይዙ ሲተኳቸው፣ ሌሎች የሆክስ ፕሮቲኖችም ገብተው ጂኑን ያለቦታው አሠሩት። ደካማነቱ ባዕዱን ያስቀራል፤ ብዛታቸው ደግሞ የሙቀት መጠን ቢለዋወጥም ሥራው እንዳይስተጓጎል ያደርጋል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ሰው 39 የሆክስ ጂኖች አሉት። ከእነርሱ አንዱ፣ ሆክስ ዲ 13፣ ሲበላሽ ጣቶች ተጣብቀው ወይም በቁጥር በዝተው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ሆኖም ጉዳት በጂኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑ በሚያርፍበት ስፍራም ሊደርስ ይችላል። ያንን ስፍራ ስንፈልግ አጥብቆ የሚይዘውን ብቻ ካየን ዋናው ሊያመልጠን ይችላል። ስለሆነም ሕክምና የምናጠና ተማሪዎች የዝንቧን ትምህርት ለፈተና ብቻ ሸምድደን ልንተወው አይገባም።