መሐንዲሱ ደራሲና ሦስቱ ፀሐዮች

ቻይናዊው ደራሲ ሊዩ ሲሺን እ.ኤ.አ. በ1963 ተወለደ። በ1988 የከፍተኛ ትምህርቱን አጠናቅቆ በሻንሺ ክፍለ ሀገር በሚገኘው የኒያንግዝጓን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታት ይጽፍ የነበረውም ከዚሁ ሥራው ጎን ለጎን ነው። ከ1999 ጀምሮ ድርሰቶቹ በቼንግዱ በሚታተም የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ላይ ይወጡ ጀመር። በ2006 በዚያው መጽሔት በተከታታይ የቀረበው «የሦስቱ አካላት ችግር» በ2008 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2015 የሁጎን ሽልማት ሲያገኝ፣ ደራሲው በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ።

ርዕሱ የተወሰደው ከፊዚክስ ነው። ሁለት አካላት በስበት ሲሳሳቡ ምሕዋራቸውን በኒውተን ሕግ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ሦስተኛ ሲጨመር ግን ለሁሉም ሁኔታ የሚሠራ ቀላል ቀመር አይገኝም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖይንካሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንዳሳየው፣ በመነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት ውሎ አድሮ ፈጽሞ የተለየ ጉዞ ልታስከትል ትችላለች። ሊዩ ይህን ስሌት የሕዝብ ዕጣ አደረገው፦ ባለ ሦስት ፀሐይ ፕላኔት ላይ የሚኖሩት ፍጡራን ፀሐይ መቼ እንደምትወጣ፣ ስትወጣም ታሞቃቸው ወይስ ታቃጥላቸው እንደሆነ አያውቁም፤ ሥልጣኔያቸው ደጋግሞ ይጠፋል።

የፊዚክስ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይኖርበታል። ደራሲው ፕላኔቷን ያኖራት በአልፋ ሴንታውሪ ነው። በእውነተኛው ሰማይ ሁለቱ ዋና ከዋክብት በ80 ዓመት ገደማ አንዴ እርስ በርሳቸው ይዞራሉ፤ ሦስተኛዋ ፕሮክሲማ ግን ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 13,000 ጊዜ ያህል ርቃ ስለምትገኝ ምሕዋራቸውን አታናጋም። በ2016 መገኘቷ የተገለጸው የፕሮክሲማ ፕላኔትም ኮከቧን በየ11 ቀኑ ገደማ ሳታዛንፍ ትዞራለች።