የጠገገ ትከሻና ያልተመለሰ ሰርቭ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ቴኒስ መመለስ በማሪያ ሻራፖቫ አብነት

የትከሻ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የቴኒስ ተጫዋች አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወደ ሜዳ የምመለሰው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ሐኪሙም ሳምንታትንና ወራትን ቆጥሮ ይመልስለታል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው የተሰፋው ጅማት ከአጥንት ጋር መያያዙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰርቭ የተባለው የመክፈቻ ምት መመለሱ ነው። ሁለቱ በአንድ የጊዜ ሰሌዳ አይጓዙም፤ አንዱን ለመጠበቅ የሚደረገው ጥንቃቄ ሌላውን ሊያዘገይ እንደሚችልም ይህ ጽሑፍ የማሪያ ሻራፖቫን የውድድር ታሪክ በመመርመር ይከራከራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የላይኛው የክንድ አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ጥልቀት የለውም። ራሱን መሐል ላይ ይዘው የሚያቆዩት በጥቅሉ ሮቴተር ከፍ የሚባሉት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ተጫዋቹ ሰርቭ ሲመታ ክንዱ በመጀመሪያ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ይጠመዘዛል፤ ቀጥሎም በሴኮንድ ከ1,000 ዲግሪ በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ፊት ይሽከረከራል። ኳሱ ከተመታ በኋላ ይህን ፍጥነት በፍሬን መልክ የሚገቱት እነዚሁ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። በቴኒስ ተጫዋቾች ላይ የሚታየው የጅማት መቀደድም ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን ለዓመታት የተከማቸ ጫና ውጤት ነው።

የተቀደደው ጅማት በቀዶ ሕክምና ከአጥንቱ ጋር ይሰፋል። በተፈጥሮ የነበረው መጋጠሚያ ግን እንደቀድሞው ተመልሶ አይሠራም፤ ቦታውን ጠባሳ ይተካዋል። ስለዚህም ክንዱ በተለምዶ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ የሚጀመረው በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። ቀለል ያሉ የፎርሃንድና የባክሃንድ ምቶች ቀድመው ይፈቀዳሉ፤ ሰርቭ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ሙሉ ውድድር ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ስፌቱና ስለ ጠባሳው ይናገራሉ፤ ስለ ሰርቩ ግን የሚሉት የለም።

ሻራፖቫ በ2008 ሞንትሪያል ላይ ውድድር አቋርጣ ስትመረመር በቀኝ ትከሻዋ ጅማት ላይ መቀደድ ታየ። የቤጂንግ ኦሊምፒክና የአሜሪካ ኦፕን አመለጧት። ያለ ቀዶ ሕክምና ለመዳን የተደረገው ሙከራ ስላልሠመረ በጥቅምት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በመጋቢት 2009 በጥንድ ጨዋታ፣ በግንቦት ደግሞ ዋርሶ ላይ በነጠላ ጨዋታ ወደ ሜዳ ተመለሰች፤ በዚያ ወቅት የዓለም ደረጃዋ እስከ 126ኛ ወርዶ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በሮላን ጋሮስ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። በወራት ስሌት ከታየ ይህ የተሳካ ሕክምና ነው።

ሰርቩ ግን ሌላ ነበር። ትከሻዋን ለማሳረፍ ስትል፣ ራኬቱ ዝቅ ብሎ ሰፊ ቅስት የሚሠራበትን የቀድሞ አመታቷን ትታ ራኬቱን በአጭሩ ወደ ላይ የምታነሣበትን ተቀበለች። በመስከረም 2009 በአሜሪካ ኦፕን ሦስተኛ ዙር በ17 ዓመቷ ሜላኒ ኡዲን ስትሸነፍ 21 ደብል ፎልት ሠራች፤ ይኸውም 21 ነጥብ ያለ ምንም ቅብብል ለተጋጣሚዋ ሰጠች ማለት ነው። ከመሬት የነጠረን ኳስ የሚመልሰው ክንድ የሠራውን ሰርቭ የሚመታው ያው ክንድ አልሠራውም።

ምክንያቱን ትከሻው ውስጥ ብቻ መፈለግ አያዋጣም። ከሰርቭ ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው የሚመነጨው ከእግር፣ ከዳሌና ከወገብ ነው። በቤን ኪብለር የታወቀ ስሌት መሠረት ከዳሌና ከወገብ የሚመጣው ጉልበት በ20 በመቶ ቢቀንስ፣ ያንኑ ኃይል ወደ እጅ ለማድረስ ክንዱ ፍጥነቱን በ34 በመቶ መጨመር ይኖርበታል። በአጭር አመታት ሰርቭ የሚመቱና የሚሳካላቸው ተጫዋቾች ስላሉ እጥረቱ በራሱ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሕፃንነት ጀምሮ የተለመደ አመታት ሲቀየር የእግሩ ግፊት፣ የወገቡ ዙረትና ኳሱ ወደ ላይ የሚጣልበት ቅጽበት የነበራቸው ስምምነት ይፈርሳል። ስምምነቱ ሲፈርስ ጎዶሎውን የሚሞላው፣ እንዲያርፍ የተፈለገው ያው ትከሻ ነው።

በ2010 ወደ ረዘመው አመታት ተመለሰች። ሆኖም በ2011 የዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ 13 ደብል ፎልት ሠርታ ነው ያሸነፈችው፤ ድሉን ያገኘችው ሰርቭ ተቀብላ በመመለስና በቅብብል ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚታለፍ ነገር አለ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያገኘቻቸው ሦስት የግራንድ ስላም ዋንጫዎች፣ ማለትም ዊምብልደን 2004፣ የአሜሪካ ኦፕን 2006 እና የአውስትራሊያ ኦፕን 2008፣ አንዳቸውም በሸክላ ሜዳ ላይ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ያገኘቻቸው ሁለቱም፣ የ2012ቱና የ2014ቱ፣ የሮላን ጋሮስ ናቸው። ሸክላ ኳሱን ስለሚያዘገይ ሰርቭ ያለው ድርሻ እዚያ ያንሳል። እርግጥ በእግር ሥራዋና በአካል ብቃቷ ላይ የታየው መሻሻልም ድርሻ አለው። ቢሆንም «ተመለሰች» የሚለው ቃል ነገሩን በትክክል አይገልጸውም፤ የመጣችው በሌላ መሣሪያ የምታሸንፍ ተጫዋች ናት።

ከዚህ የሚወሰደው ሐሳብ የማገገሚያ መርሐ ግብሩን ይነካል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ወደ ውድድር ለመፍቀድ ከቀን ቆጠራ ባሻገር መስፈርቶችን ይጠቀማሉ፦ ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ጥንካሬ ወደ ውስጥ ከሚያዞሩት ጋር ሲነጻጸር ከ66 እስከ 75 በመቶ መድረሱን፣ የትከሻው የመዞር ስፋት ከሌላው ትከሻ ጋር መመጣጠኑን፣ እንዲሁም ስካፑላ የተባለው ጠፍጣፋ አጥንት ክንዱን ተከትሎ በሥርዓት መንቀሳቀሱን ይመረምራሉ። መስፈርቶቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ሁሉም ትከሻን እንጂ ሰርቭን አይለኩም። በሳምንት የሚመቱት ሰርቮች ብዛት፣ ፍጥነታቸውና በተለይም ሁለተኛው ሰርቭ ለብቻቸው ሊመዘገቡ ይገባል። ሁለተኛው ሰርቭ ከተሳሳተ ነጥቡ ስለሚጠፋ ፍርሃት ቀድሞ የሚገለጠው እርሱ ላይ ነው። የእግርና የወገብ ልምምድ ደግሞ ክንዱ ገና በማንጠልጠያ ላይ ሳለ ሊጀመር ይችላል፤ ለዚህ ክፍል አራት ወር መጠበቅ በቂ ምክንያት የለውም።

አንድ ተጫዋች ለሁሉም ማስረጃ አትሆንም። የሕክምና ፋይሏም ለጥናት ክፍት አይደለም፤ በ2016 የተጣለባት የ15 ወር የዶፒንግ እገዳም የኋለኞቹን ዓመታት ንጽጽር ያዛባል። የትከሻዋ ነገር ግን በዋንጫዎቹ አልተዘጋም። በነሐሴ 2019 በአሜሪካ ኦፕን የመጀመሪያ ዙር ከሴሬና ዊሊያምስ ጋር ከመጋጠሟ ግማሽ ሰዓት በፊት ትከሻዋን የሚያደነዝዝ ሕክምና እንደተደረገላት ራሷ ጽፋለች። ከቀዶ ሕክምናው 11 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። 6-1፣ 6-1 ተሸንፋ ወጣች፤ በየካቲት 2020 ጨዋታ ማቆሟን አስታወቀች።