የገና ጨዋታና የተሰወረ ቂም

ልጆች ሆይ፤ ሰው ከሥራው ዐርፎ ከቤተ ሰቡና ከወዳጆቹ ጋራ ደስ የሚሰኝበት ቀን ያስፈልገዋል። በትልልቅ ከተሞች ለዚህ ነገር ተብሎ የተሠራ የመጫወቻ ስፍራ አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ፥ ፌሪስ የሚባል መሐንዲስ ሰው ተሸክሞ የሚዞር ታላቅ የብረት መንኰራኵር አቆመ። ቁመቱ 80 ሜትር ያህል ነበረ፤ በዙሪያውም ሰዎች የሚገቡባቸው 36 ክፍሎች ተንጠልጥለውበት ነበር። ያ መንኰራኵር ከፈረሰ ብዙ ዘመን ኾኖታል፤ እርሱን የመሰሉ ግን ዛሬ በብዙ አገር ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ስፍራ የሚጠብቁ ሰዎች ሕዝቡ ሳይገባ አስቀድመው ብረቱንና ማሰሪያውን ይመረምራሉ፤ አንድ ብሎን ቢላላ ደስታው ወደ ልቅሶ ይለወጣልና።

በስማዳ በወገዳ አጠገብ ያለ የገበሬ ልጅ የብረት መንኰራኵር ባያይም የገና ጨዋታ አለው። ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው ጾም ከተፈታ በኋላ፥ ሕዝቡ ወደ መስክ ይወጣል። ተጫዋቾቹ በኹለት ወገን ይከፈላሉ። እያንዳንዱም ጫፉ ቈልማማ የኾነ ዱላ ይይዛል። ሩር የምትባለውን ድቡልቡል እንጨት እየመቱ፥ ይህ ወገን ወደዚያ፥ ያም ወገን ወደዚህ ሊያሳልፋት ይታገላል። በቀድሞ ዘመን ጌታና ሎሌ አብረው ይጫወቱ ነበር፤ በዚያ ቀንም ጌታው ሳይታሰብ ቢመታ አይቈጣም ነበር። ይህ መልካም ልማድ ነው። ኾኖም ከልማዱ ሥር ክፉ ነገር ሊሸሸግ እንደሚችል ከሚከተለው ታሪክ እንማራለን።

በወገዳ አጠገብ ኹለት ጎረቤታሞች ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለ ነበራቸው መቀናጆ ገብተው በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ይጠምዱ ነበር፤ ዛሬ የአንደኛውን ማሳ ቢያርሱ ነገ የሌላውን ያርሱ ነበር። እኒህ ሰዎች ቢጣሉ የኹለቱም መሬት ጦም ያድር ነበር።

አንድ ቀን የአንደኛው ገበሬ ልጅ ከብት ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደውና ላሞቹ ከሰው ሽምብራ ገቡ። የጎረቤቱ ልጅ አይቶ ላሞቹን መለሰ፤ ማታም በተጠየቀ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። አባትየውም ልጁን ገሠጸው። ልጁ ግን በጥፋቱ በማፈር ፈንታ በባልንጀራው ላይ ቂም ያዘ።

የገና ዕለት ኹለቱ ቤተ ሰብ እንጀራውን በአገልግል፥ ጠላውን በገንቦ ይዘው ወደ መስክ ወረዱ። እናቶች ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ወንዶች ልጆችም ወደ ጨዋታው ገቡ። ኹለቱ ባልንጀሮች በየፊናቸው ተሰለፉ። ጨዋታው በጋለ ጊዜ ሩሯ ወደ እነርሱ ተወርውራ አለፈች። ያ ቂመኛ ልጅ ግን ሩሯ ካለፈች በኋላ ዱላውን ሰንዝሮ የባልንጀራውን ቅልጥም መታው። ልጁም እግሩን ይዞ ወደቀ። ያዩት ሰዎች፥ «አይዞህ፤ የገና ጨዋታ ነው» አሉት። የወደቀውም ልጅ ተነሥቶ የመታውን ልጅ ትከሻ ተደግፎ እያነከሰ ወደ ዛፉ ጥላ ኼደ።

እንጀራው ቀረበ፤ ኹሉም በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጡ። ያ ልጅ ግን ጉርሻው በጕረሮው አልወርድ አለው። አባቱም አይቶ ለብቻው ወሰደውና፥ «ልጄ፥ ምን ኾነሃል?» ብሎ ጠየቀው።

«አባቴ፥ እግሩን የመታሁት አውቄ ነው። ሩሯ አልፋ ነበር» አለ።

አባቱም ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለው፦ «ልጄ፥ ልማዱ ይቅር የሚለው ሳይታሰብ በጨዋታ የኾነውን ነው። በጨዋታ ስም የተወጣ ቂም ግን ጨዋታ አይደለም። ይህን ለእኔ መናገርህ አይበቃም፤ ለተመታው ንገረው።»

ልጁም ተመልሶ በኹሉ ፊት የሠራውን ተናገረና፥ «በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» አለ። የሚበሉት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ኹለቱ አባቶች ተያዩ።

የተመታውም ልጅ፥ «ሩሯ ካለፈች በኋላ እንደ መታኸኝ አይቼ ነበር» አለው። «ብናገር ግን አባቶቻችን ይጣላሉ ብዬ ፈራሁ። በሬዎቻችንም ይለያያሉ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን አንተ ራስህ ነግረኸኛልና ይቅር ብዬሃለሁ» አለ።

ያ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ ከተግሣጽ ይልቅ አፈረ። ባልንጀራው አንድ ትከሻ ተደግፎ የኹለት ቤት ሰላም ተሸክሞ ነበርና። ከዚያም ቀን ጀምሮ እግሩ እስኪድን ድረስ የባልንጀራውን ከብት ከራሱ ከብት ጋራ ጠበቀለት፤ እንቅልፍም አልወሰደውም። ኹለቱ በሬዎችም እንደ ቀድሞው በአንድ ቀንበር አረሱ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ በብረት መንኰራኵር የሚጫወቱ ሰዎች ብረቱ እንዲመረመር ይሻሉ። ከባልንጀራ ጋራ የሚጫወት ግን አስቀድሞ ልቡን ይመርምር። ቂም ካገኘ ዱላውን ሳያነሣ ኼዶ ይታረቅ፤ ያን ጊዜ ደስታው እውነተኛ ይኾናል።

ጥያቄ፦
1. መቀናጆ ምንድር ነው?
2. እረኛው ልጅ በባልንጀራው ላይ ስለ ምን ቂም ያዘ?
3. የተመታው ልጅ እያወቀ ዝም ያለው ስለ ምንድር ነው?
4. ሳይታሰብ በጨዋታ በኾነና በቂም በተደረገ ነገር መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?