የጭነት መኪና የባሌስትራ ጎሚኒ መቼ ይቀየር?

ለህብረት ሥራ ማህበራት የተሽከርካሪ ኮሚቴ አባላትና ሹፌሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ሰልጣኞች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
• ጎሚኒ ማለቁን የሚያሳዩ ምልክቶችን ይለያሉ፤
• ቀላል ፍተሻ በራሳቸው ያካሂዳሉ፤
• አሁን መቀየር ያለበትንና ሊቆይ የሚችለውን ለይተው ይወስናሉ።

1. መግቢያ

ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወቅቱ ለአባላት የሚደርሰው መኪናው ደህና ሲሆን ነው። እኔ በምከታተለው አካባቢ የአንድ ማህበር ሹፌር ከግንቦት ጀምሮ «ከኋላ በኩል ይንኳኳል» እያለ ያሳስብ ነበር። ኮሚቴው ግን ባለፈው ዓመት ጋራዥ የተባለውን ሁሉ አስቀይሮ ድምፁ ስላልጠፋ፣ እንደገና የአባላትን ገንዘብ ማውጣት ፈራ። «ማዳበሪያው ተጓጉዞ ይለቅ» ተባለ። እኔም በስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ መኪናው እንዲፈተሽ አልጠየቅሁም። ሐምሌ ላይ ፒኑ የባሌስትራውን ቀለበት በልቶት መኪናው ጭነት እንደያዘ መንገድ ላይ ቆመ። በጎሚኒ ብቻ ያልቅ የነበረው ጥገና ፒንና ዋናውን ባሌስትራ ጨመረ። ከሁሉም በላይ ስንዴ የሚዘሩ አባላት ማዳበሪያ ሲጠብቁ የዘር ቀናቸው አለፈ። ኮሚቴው ለገንዘቡ መሳሳቱ ጥፋት አልነበረም። የጎደለው መለያ ዘዴ ነው።

2. ጎሚኒ ምን ይሠራል?

ባሌስትራ ከቻሲው ጋር የሚያያዘው በፒን ነው። በፒኑና በባሌስትራው ቀለበት መካከል የሚገባው ጎሚኒ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ያደርጋል፣ ንዝረትን ያበርዳል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል። በእርሻ ሥራ ምራንን ማሰብ ይቻላል። ምራኑ ሲላላ ሞፈሩ ይዋልላል፣ ትልሙም ይጣመማል። ጎሚኒ ያለቀበት መኪናም እንዲሁ ነው።

3. ምልክቶች

• ጉድጓድ ሲገባ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲነሳ መንኳኳት፤
• ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን መሳብ፤
• መሪ ቀጥ ተደርጎ ተይዞ መኪናው መዋለል፤
• ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ቶሎ መበላት።

ማሳሰቢያ፦ ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የላላ ዩ ቡሎን፣ ያለቀ አመርቲዛተር ወይም የላላ የጭነት ሳጥንም ይንኳኳል። ስለዚህ ሳይፈተሽ ዕቃ አይገዛ።

4. የፍተሻ ቅደም ተከተል

1ኛ. ጭነቱን ማራገፍ፤ መኪናውን ሜዳ ላይ ማቆም፤ ሞተር አጥፍቶ የእጅ ፍሬን መያዝ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ።
2ኛ. በባሌስትራው ጫፎች ያለውን ጭቃ ጠርጎ ጎሚኒውን በባትሪ ብርሃን ማየት።
3ኛ. ዲጂኖ በባሌስትራው ቀለበትና በማንጠልጠያው መካከል አስገብቶ ቀስ ብሎ መነቅነቅ። የግራና የቀኙን ማነጻጸር።
4ኛ. የፊት ጎማዎችን ቀጥ አድርጎ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በገመድ መለካት፤ ከዚያም ሌላውን ጎን በዚያው ገመድ ማስተያየት። ልዩነቱ ጎላ ያለ ከሆነ አክስሉ ከቦታው ሸሽቷል። ይህ በጎሚኒ ብቻ ሳይሆን በተሰበረ የባሌስትራ መሃል ቡሎንም ስለሚመጣ ሁለቱም ይታዩ።

5. ውሳኔ

ሊቆይ የሚችል፦ ላዩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ብቻ ያለው፣ ሲነቀነቅ ትንሽ ሰጥቶ ወደ ቦታው የሚመለስ። በየወሩ ይታይ።

የሚቀየር፦ በጥልቀት የተሰነጠቀ ወይም የተቀደደ፣ ወደ ጎን ተገፍቶ የወጣ፣ በዘይት ርሶ ያበጠና የለሰለሰ፣ ከፒኑ ጋር ክፍተት የፈጠረ።

መኪናው ጭነት የማይዝበት፦ ብረት ከብረት የሚጋጭ፣ ፒኑ የተበላ፣ ቀለበቱ የሰፋ ወይም የተሰነጠቀ፣ አክስሉ የሸሸ። በዚህ ሁኔታ «አንድ ጉዞ ብቻ» ማለት የሰው ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው።

6. ሲቀየር የሚደረግ ጥንቃቄ

• የግራና የቀኙ አብረው ይቀየሩ፤ ፒኑም ይታይ።
• ጎሚኒ ግራሶ አይቀባም፤ ግራሶ ጎማን ያበላሻል። ግራሶ የሚያስፈልገው መሙያ ቀዳዳ ላለው የብረት ቡሽ ነው።
• የፒኑ ዳዶ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ሲያርፍ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።
• ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ዳዶዎች እንደገና ይፈተሹ።
• አሮጌው ዕቃ ወደ ማህበሩ ተመልሶ ለኮሚቴው ይታይ።

7. ማጠቃለያ

ፍተሻው ማዳበሪያ ማጓጓዝ ከመጀመሩ በፊት፣ በሚያዝያ ይደረግ። የሹፌሩ ቃልና የፍተሻው ውጤት በመዝገብ ይስፈር።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በማህበራችሁ ሹፌሩ ብልሽት ሲያሳውቅ ማን ሄዶ ያያል? በስንት ቀን ውስጥ?
2. ዛሬ በግቢው በቆመው መኪና ላይ ፍተሻውን በቡድን አካሂዱ። የትኛው ጎሚኒ ይቆያል? የትኛው ይቀየራል? ለምን?