ድንቹን «ምች መታው» ከማለታችን በፊት

የጓሯችን ድንች ሲጠወልግ ብዙዎቻችን የምንለው አንድ ነገር ነው፤ «ምች መታው» እንላለን። ቅጠሉ ቢጠቁር ምች ነው። ግንዱ ቢዝለፈለፍም ምች ነው። በአንድ ሌሊት ቢኮማተርም ያው ምች ነው። ነገር ግን እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ስም ከማውጣታችን በፊት ተክሉን ቀረብ ብለን እንየው።

ድንች በደጋ ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ገብሱ ሳይደርስ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ልጆቻችን የሚበሉት እሱን ነው። ድንች ሲታመም ደግሞ የሚጠፋው የዘንድሮው ምግብ ብቻ አይደለም። የከርሞው ዘርም አብሮ ይጠፋል።

ውርጭን መለየት አያስቸግርም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ይወርዳል። ማታ ደህና የነበረው ተክል ጧት ጠቁሮ ይገኛል። ረባዳው ቦታ ይበልጥ ይጎዳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ወደ ጎረቤት ማሳም አይዛመትም።

ሁለተኛው የክረምቱ የቅጠል በሽታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉሙ ሲከርምና ብርዱ ሲበረታ ይመጣል። በቅጠሉ ጫፍና ዳር ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ገልብጠን ጀርባውን እንመልከት። በጥቁሩ ነጠብጣብ ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ ካለ፣ በሽታው እሱ ነው። በነፋስ ስለሚሄድ በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳውን በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። በአየርላንድ አገር ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ ያለቀው፣ ይኸው በሽታ የድሆቹን ድንች ስላጠፋው ነበር።

ማንኮዜብን የመሰለ መድኃኒት የሚጠቅመው በሽታው ቅጠሉ ላይ ሳይገባ ነው። ማሳው ከጠቆረ በኋላ መርጨት ገንዘብ መድፋት ነው። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉዳኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ሲለቀቁ ይህን በሽታ ይቋቋማሉ ተብለው ነው። ሆኖም በሽታው ራሱ ይለዋወጣል። የተሻሻለ ዝርያ ዘርተናል ብለን ቅጠሉን መመልከት መተው የለብንም።

ከሁሉም የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ አጠውልግ ይባላል። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ቀትር ላይ ይዝለፈለፋል፤ ማታ ቀና ይላል። በማግሥቱ እንደገና ይወድቃል። ቅጠሉ ሳይጠቁር፣ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ይሞታል። ነጭ ሻጋታ የለውም። ብዙ ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፤ ውሃው ግን በሽታውን ወደሚቀጥለው ተክል ያደርሰዋል።

ይህን በቤታችን መፈተን እንችላለን። ከጠወለገው ግንድ ከሥሩ አጠገብ ጣት የሚያህል እንቁረጥ። በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ እንቅዳ። የተቆረጠውን ግንድ ጫፉ ውሃውን እንዲነካ አድርገን እንያዘው። አናነቃንቀው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከግንዱ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ሲወርድ ካየን አጠውልግ ነው። ድንቹንም መሐል ለመሐል ብንቆርጠው፣ ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ይታያል። ጫን ስንለው ነጭ ፈሳሽ ያወጣል።

ለአጠውልግ የሚረጭ መድኃኒት የለም። ገበያ ላይ አለኝ የሚል ቢያጋጥመን አንመነው። የታመመውን ተክል ከነድንቹ ነቅለን፣ ከማሳው ርቀን በጥልቅ ጉድጓድ እንቅበረው። ቦይ ውስጥም ሆነ ፍግ ላይ አንጣለው። የቆፈርንበትን ዶማ አጥበን፣ ብረቱን በእሳት እንለብልበው። በዚያ መሬት ለጥቂት ዓመታት ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ አንትከል፤ እነዚህም ይህ በሽታ ይይዛቸዋልና። ገብስ ወይም ስንዴ እንዝራበት፤ ራሱ የሚበቅለውንም ድንች እየነቀልን እናጥፋ።

እዚህ ላይ ስለ ዘር ደጋግመን መናገር አለብን። አጠውልግ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በብዛት የሚገባው በዘር ድንች ነው። በብርዳማ ቦታ የበቀለ ድንች ምንም ምልክት ሳያሳይ በሽታውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ላዩን አይተን ጤነኛ ነው ማለት አንችልም። ስለዚህ ዘር ከዘመድ ስንዋስ ወይም ከገበያ ስንገዛ «ማሳው ላይ የጠወለገ ነበረ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ማሳው እንደታመመ እያወቁ ዘሩን ለሌላ መሸጥ ነው። ከእንዲህ ያለ ማሳ የወጣ ያልበሰበሰ ድንች ተቀቅሎ ቢበላ ሰውን አይጎዳም፤ ለዘር ግን ፈጽሞ አይሁን።

ለዘር የምናስቀምጠው ድንች ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ግን ብርሃንና ነፋስ የሚገባበት ቆጥ ላይ ይሰጥ። በብርሃኑ ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቡቃያውም አጭርና ጠንካራ ይወጣል። ለዘር ይህ ጥሩ ነው። ለምግብ የምናስቀምጠው ግን ጨለማ ቦታ ይሁን፤ አረንጓዴ የሆነ ድንች ይመራል፣ መርዝም አለው፤ ቢቀቀልም መርዙ አይለቅም። ሁለቱን በአንድ ቦታ አናስቀምጥ።